የአቀጣጣይ ዋጋ በሰኔ ሒሳብ አይወጣም

ቅዳሜና እሁድ ሲቃረብ ሀዋሳ ውስጥ ከፒያሳ እስከ አቶቴ ባሉት ካፌዎች የሚሰማው ወሬ አንድ ነው። ማን ይሸጥ፣ ማን ይገዛ፣ አምበልነቱ ለማን ይሰጥ! የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ፋንታሲ ጨዋታ ወጣቱን ሙሉ በሙሉ አሰልጣኝ አድርጎታል። 100 ሚሊዮን ፓውንድ በምናብ ይሰጠዋል፤ 15 ተጫዋች ይመርጣል፤ ከአንድ ክለብ ከሦስት በላይ መያዝ አይችልም። ለአንድ ሳምንት ያሰበው አጥቂ ሳያገባ ከወጣ በሚቀጥለው ሳምንት ያባርረዋል። ማንም አይከሰውም፣ ማንም ደመወዝ አይጠይቀውም።

አሜሪካኖች ግን በራሳቸው ፉትቦል (እጅ በሚበዛበት ማለት ነው) ጨዋታውን ከበድ አድርገውታል። ዲናስቲ የሚሉት ዓይነት ፋንታሲ አላቸው። እዚያ አንዴ የመረጥከው ተጫዋች ዘንድሮ ብቻ ሳይሆን ለዓመታት ያንተ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ «በዚህ ሳምንት ስንት ነጥብ ያመጣል?» ሳይሆን «ከአምስት ዓመት በኋላ የት ይደርሳል?» የሚል ነው። ከሁሉም በላይ የሚያከራክራቸው ደግሞ ኳርተርባክ ነው። ከኋላ ኳስ ተቀብሎ፣ ሜዳውን አይቶ፣ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ሰው። በእኛ ቋንቋ አቀጣጣዩ በለው።

ምክንያታቸው ቀላል ነው። ኳስ ታቅፎ የሚሮጠው ተጫዋች ጉልበቱ ነው ሀብቱ፤ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ይደክማል። አቀጣጣዩ ግን በዓይኑና በጭንቅላቱ ስለሚኖር ዕድሜ ይሰጠዋል። ቶም ብሬዲ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲመረጥ 199ኛ ነበር። ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኖ በ2023 ጫማውን ሲሰቅል 45 ዓመቱ ነበር። ፓትሪክ ማሆምስ በ2017 ካንሳስ ሲቲ ሲገባ የመጀመሪያውን ዓመት ከሞላ ጎደል ተጠባባቂ ወንበር ላይ አሳልፏል። በዓመቱ የሊጉ ኮከብ ሆነ። በ2020 ደግሞ ክለቡ ውሉን ለ10 ዓመት አራዘመለት። አስር ዓመት!

አሁን ወደ ቤት እንምጣ ቢባል የሚያሳፍረው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ ብር የማያወጣ የፋንታሲ ተጫዋች አምስት ዓመት አርቆ ሲያሰላ፣ በከተማ ነዋሪ ገንዘብ የሚተዳደሩት የእኛ ክለቦች ግን ከሰኔ ወዲያ ያለውን አያዩም። ሰኔ ላይ ሊጉ ያልቃል፣ ውል ያልቃል፣ ተጫዋች ይበተናል። ሐምሌ ላይ ደላላ ስልክ ይዞ ይመጣል። መስከረም ላይ ደጋፊው ስታዲየም ገብቶ «ያ 8 ቁጥሩ ማነው?» ብሎ ጎረቤቱን ይጠይቃል።

ለዚህ ነገር ከሀዋሳ ከተማ የተሻለ ምስክር የለም። በወቅቱ አዋሳ ከነማ ይባል የነበረው ክለብ በ1996 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ወደ ደቡብ ሲወስድ፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ሲደግመው፣ የአዲስ አበባን ክለቦች ያስደነገጠው ኳስ ይዞ በሚጫወት ቡድን ነበር። ሀዋሳ የምትታወቀው በአማካይ ነው። ከታቦር ተራራ ስር ባለ አቧራማ ሜዳ ላይ እንኳ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ጠልዞ የሚሮጠው ይሰደባል፣ አጥፎ የሚያሳልፈው ይጨበጨብለታል። ከዚህች ከተማ ሙሉጌታ ምህረት ወጣ፤ ተጫውቶ ሲያበቃ ተመልሶ በ2013 ዓ.ም. ያደገበትን ክለብ አሰለጠነ። አዳነ ግርማ ወጣ። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለሱ ዛምቢያ ላይ የአቻነቷን ጎል ያገባው እሱ ነው። ሽመልስ በቀለ ወጣ። ይሁንና እስከ 2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ማብቂያ ድረስ ሐይቆቹ ሦስተኛውን የሊግ ዋንጫ አላነሱም።

የሽመልስ ነገር ቆም ብሎ ማየት ይገባዋል። ለሐይቆቹ ሲጫወት ልጅ ነበር። ከዚያ ቅዱስ ጊዮርጊስ ወሰደው፣ ቀጥሎ ሊቢያ፣ ቀጥሎ ግብጽ። ፔትሮጀት በ2014 እ.ኤ.አ. ካስፈረመው በኋላ በግብጽ ሊግ ለዓመታት ቆየ፤ ምስር ለልማቃሳና ኤል ጎውናም ተጫውቷል። በ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ የነበረው ሰው ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በጥር 2022 ካሜሩን ላይ በተደረገው ውድድርም የብሔራዊ ቡድኑ አባል ነበር። በዚህ መሀል ስንት አጥቂ መጥቶ ሄደ? ስንት የክንፍ ተጫዋች «ቀጣዩ ኮከብ» ተብሎ ተጽፎለት ጉልበቱ ከዳው? አቀጣጣይ ይቆያል የሚባለው ለዚህ ነው። ከፈጣን ሰው ፍጥነቱን ስትወስድበት ምንም አይቀርም፤ ከአቀጣጣይ ግማሽ ሜትር ብትወስድበት በአንድ ንክኪ ይመልሳታል።

ይህ ማለት ግን ኳስ የሚያንከባልል ልጅ ሁሉ ሽመልስ ነው ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ነው የምዘናው ጥበብ ያለው፤ እዚህ ላይ ነው ክለቦቻችን የሚሸወዱት። የተስፋ ቡድን ጨዋታ ላይ ሦስት ሰው ያለፈ ልጅ ሲታይ ኮሚቴው ይነሳል፣ ይጨበጨባል፣ «ይፈርም!» ይባላል። ሦስት ሰው ያለፈው ልጅ ስንት ጊዜ ኳስ አጣ? ኳሱ ሳይደርሰው በፊት ትከሻው ላይ ዞሮ ያያል ወይስ ኳሷን ብቻ ነው የሚያየው? ዣቪ በባርሴሎና ዘመኑ በአካል ግዝፈት ማንንም አይበልጥም ነበር፤ የሚበልጠው ኳስ ከመድረሱ በፊት አንገቱን በማዞር ነው። ይህንን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ተመልካች ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ልጁን ብቻ 90 ደቂቃ ይከተል። ሲመራ እንዴት ይጫወታል? ሲገረፍስ? በጭቃ ሜዳስ? ተከላካይ ሲጠጋው ወደ ኋላ ብቻ የሚመልስ ከሆነ ዘንድሮ ስህተት ስለማይሠራ አሰልጣኙ ይወደዋል፣ ከአራት ዓመት በኋላ ግን ያው ነው።

ደግሞ ዕድሜ አለ። የእኛ አገር ኳስ ጨዋታ በሽታ! የፓስፖርት ዕድሜና የሜዳ ዕድሜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ደጋፊው በቀልድ ያወራዋል እንጂ ለክለብ ቀልድ አይደለም። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤም.አር.አይ. የሚያስመረምረው አለምክንያት አይደለም። 19 ነው ተብሎ የተያዘ ልጅ በእውነቱ 24 ከሆነ ክለቡ የገዛው ተስፋ ሳይሆን ጣሪያው ላይ የደረሰ ተጫዋች ነው። የረዥም ጊዜ ዋጋ ስሌት በሙሉ እዚህች ቁጥር ላይ ነው የሚቆመው። እሷ ከተዋሸች ሌላው ሁሉ ውሸት ነው።

ገንዘቡስ? በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦች የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲስማሙ ብዙው ሰው ተንፍሶ ነበር። በጎን ይከፈላል የሚለው ሐሜት ግን አልጠፋም። በ2017 የውድድር ዘመን ደግሞ የክለቦችን ጠቅላላ የተጫዋች ወጪ የሚገድብ መመሪያ መጣ። ጥሩ ነው። ችግሩ ግን ስንት ይከፈላል የሚለው ብቻ ሳይሆን ለምን ያህል ጊዜ የሚለውም ነው። የአንድ ዓመት ውል የፈረመ ልጅ ጥር ላይ ከሌላ ክለብ ጋር መነጋገር ይችላል። የፊፋ ደንብ ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ከሌላ ጋር እንዲስማማ ይፈቅድለታል። ያው ደንብ እስከ አምስት ዓመት ማስፈረም ይፈቅዳል፤ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት። በሩ ክፍት ነው። የሚገባበት ጠፍቶ ነው።

የኢትዮጵያ ቡናና የአቡበከር ናስር ጉዳይ ይህንን በደንብ ያሳያል። አቡበከር በ2013 ዓ.ም. 29 ጎል አግብቶ የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ጎል ክብረ ወሰን ሲሰብር በክለቡ ረዥም ውል ነበረው። ስለዚህ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ በ2022 እ.ኤ.አ. ሲወስደው ቡና እጁን አጨብጭቦ አልቀረም፣ የዝውውር ገንዘብ አገኘበት። ከዚያ በኋላ ጉዳት ልጁን ማስቸገሩ ያሳዝናል፤ አጥቂ ደግሞ እንዲህ ነው። ክለቡ ግን ሒሳቡን በትክክል ሠርቶ ነበር።

ብዙ የክለብ አመራር ጆሮ የማይሰጠው ሌላም ገቢ አለ። ፊፋ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያጸናው የዝውውር ደንብ አንድ ተጫዋች ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ከዓለም አቀፍ ዝውውር ክፍያ ላይ 5 በመቶ እንዲከፋፈል ያዛል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ለእያንዳንዱ 0.5 በመቶ። እንበልና ከ15 እስከ 19 ዓመቱ ሀዋሳ ያደገ ልጅ በኋላ ከአንድ የውጭ ክለብ ወደ ሌላ አገር ክለብ በ200 ሺህ ዶላር ቢሸጥ ለሀዋሳ 4 ሺህ 500 ዶላር ይደርሳታል። ልጁ ከከተማዋ ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም! የሥልጠና ካሳ የሚባለውም ከዚህ የተለየ ሌላ ክፍያ ነው። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ፊፋ ይህንን ገንዘብ በራሱ የክፍያ ማዕከል በኩል እያስተላለፈ ነው። የሚጠየቀው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ልጁ በየትኛው ዓመት በየትኛው ክለብ እንደተመዘገበ የሚያሳይ ትክክለኛ መዝገብ። የታዳጊ ቡድን መታወቂያ በመሳቢያ ውስጥ የሚጠፋበት ክለብ ይህንን ገንዘብ አያገኝም፣ ማንንም ሊወቅስ አይችልም።

አሰልጣኙን ግን መውቀስ ልክ አይደለም። አምስት ጨዋታ ተከታትሎ ከተሸነፈ የሚባረር ሰው ለ18 ዓመት ልጅ ዕድል ስጥ ሲባል ይስቃል እንጂ አይሰጥም። የሚያድነው የ30 ዓመት ልምድ ያለው አማካይ ነው፤ ያንኑ ያስፈርማል። ላለመውረድ የሚታገል ቡድን ስለ ዛሬ ቢያስብ ማን ይፈርድበታል? ስለዚህ የአምስት ዓመቱ ሒሳብ የአሰልጣኙ ሥራ መሆን የለበትም። አሰልጣኝ ሲቀየር የማይቀየር ሰው ያስፈልጋል። የልጆቹን መዝገብ የሚይዝ፣ ውላቸው መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ፣ ቦርዱ ፊት ቀርቦ «ይህ ልጅ በዚህ ክረምት ካልታደሰለት በሚቀጥለው በነጻ ይሄዳል» የሚል።

ተጫዋቹንም መውቀስ አይገባም። ኳስ ተጫዋች ገቢ የሚያገኝበት ዕድሜ አስር ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ ላይ እናት አለች፣ ታናናሾች አሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የገበያው ዋጋ የት እንደደረሰ ሁሉም ያውቀዋል። ለአንድ ልጅ «አራት ዓመት ፈርም፣ ደመወዝህ ግን ያው ነው» ማለት ወጥመድ ነው፤ ቢሸሽ አይፈረድበትም። ረዥም ውል የሚሠራው በየዓመቱ ጭማሪ ሲኖረው፣ በተሰለፈበት ጨዋታ ብዛት ሲያድግ፣ የውጭ ክለብ ቢመጣ ለልጁም ድርሻ ሲኖረው ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ደመወዝ በወሩ ሲከፈል። ሁለት ወር ያልተከፈለው ተጫዋች ክለቡን በጽሑፍ አስጠንቅቆ 15 ቀን ከጠበቀ በኋላ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል የፊፋ ደንብ በግልጽ ይናገራል። አምስት ዓመት አስፈርሞ ሁለት ወር ያልከፈለ ክለብ ማልያውን ይዞ ይቀራል።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት ሀዋሳ ላይ በየክረምቱ ይደገማል። የሰፈሩ ልጅ ሲጠይቅ «ገና ነው፣ ይብሰል» ይባላል። ያው ልጅ አዲስ አበባ ሄዶ ሁለት ዓመት ተጫውቶ ሲመለስ በፊርማ ገንዘብ ይለመናል። ከተማው የራሱን ልጅ ሁለት ጊዜ ይከፍልበታል፤ አንዴ ሲያሳድገው፣ አንዴ ሲገዛው። ሲዳማ ቡናም እዚያው ከተማ ውስጥ ሆኖ ያንኑ ልጅ ነው የሚያየው፣ ቢቀድም ማን ይከለክለዋል?

የሐይቆቹ ቦርድ በሚቀጥለው የዝውውር መስኮት ከደላላ ስልክ በፊት ሊያነሳ የሚገባው የራሱን የተስፋ ቡድን ዝርዝር ነው። እዚያ ውስጥ አቀጣጣይ የሚሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች አይጠፉም። ዕድሜያቸው በሕክምና ይጣራ፣ መዝገባቸው ይስተካከል፣ ጭማሪ ያለው የሦስት ወይም የአራት ዓመት ውል ይቅረብላቸው። ከዋናው ቡድን ጋር ልምምድ ይሥሩ፤ ሊጉ ላይ ደግሞ ቡድኑ ሁለት ለዜሮ ሲመራ 20 ደቂቃ ይግቡ። ለአንድ ከውጭ ለሚመጣ አማካይ የሚወጣው የአንድ ዓመት ክፍያ ለእነዚህ ልጆች ከበቂ በላይ ነው። ደጋፊ ማህበሩም ሰኔ ላይ «ማንን አመጣችሁ?» ብሎ ከመጮህ በፊት «ማንን አስቀራችሁ?» ብሎ ይጠይቅ።