«ቤት ነሽ አይደል?» የምትባለው ተማሪ

ባለፈው ሳምንት የቀናተኛ እጮኛን ነገር ጀምሬ «ይቀጥላል» ማለቴን አልረሳሁትም። ይቀጥላል! ዛሬ ግን ተራውን የቀማው ደብዳቤ አለ። ከወደ ጉደር ነው የመጣው። ከደብተር የተቀደደ አንድ ገጽ ነው፤ ጀርባው ላይ የሂሳብ ስሌት ተሞነጫጭሮበታል። ስሟን እንደ ልማዳችን አናወጣም። እንዲህ ትላለች፦

«ውድ እህቴ፣ እኔ ተማሪ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ግን የለኝም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወድቄ አሁን በግል ለመፈተን ቤት ቁጭ ብዬ አጠናለሁ። ጠዋት ደብተር ስገልጥ ‹ቤት ነሽ አይደል? እስቲ ውኃ ቅጂ› እባላለሁ። ማታ ስገልጥ መብራት ይጠፋል። ስድስቱን ትምህርት እንዴት ላዳርሰው? ወይስ ሁሉንም ትቼ አክስቴ እንደምትለው ቤሩት ልሂድ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «እህቴ ሆይ፣ ፕሮግራም አውጪ፣ በርቺ» ብዬ መልሼ ወደ ቅናቱ እሄድ ነበር። ይሄኛው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ለምን? እኔም የጉደር ልጅ ነኛ! እኔም በእሷ ዕድሜ ቤት ተቀምጬ ተምሬ ምን እንደሆንኩ እስቲ ላጫውታችሁ።

ጊዜው 2008 ዓ.ም. ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ኅዳር ላይ ጊንጪ የተጀመረው ተቃውሞ ተዛምቶ በኦሮሚያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ለወራት ሳያስተምሩ ቆዩ። ያኔ የምንማረው በፕላዝማ ነበር። ታስታውሱታላችሁ መቼም! ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር «እስቲ ሞክሩት» ብሎ ጥቂት ሴኮንድ ይሰጥና፣ እስክሪብቷችንን ሳናነሳ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ክፍል ውስጥ እያለንም አይጠብቀንም፤ ቤት ስንውልማ ጭራሽ! አባቴ «ከግቢ እንዳትወጪ» አለኝ። እኔም መጻሕፍቴን ታቅፌ ጓዳ ገባሁ።

ምን አነበብኩ? የምወደውን! ባዮሎጂን፣ ያውም አንዱን ምዕራፍ አራት ጊዜ። የሂሳብ መጽሐፉን ግን እንደ ባለዕዳ እሸሸው ነበር። ግንቦት ላይ የፈተናው ወረቀት ሾልኮ ወጣና ፈተናው በመላ አገሪቱ ተሰረዘ። ያወጡት ሰዎች «የኦሮሚያ ተማሪዎች ሳይማሩ ከርመዋልና ይራዘምላቸው» ባዮች ነበሩ። እንደገና የተቀመጥነው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ወር ምርቃት ተገኘ ማለት ነው። ያቺን ወር ምን ሠራሁባት መሰላችሁ? ባዮሎጂን ለአምስተኛ ጊዜ! ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልሆነም። ሁሉንም በጊዜው አላሳብብም፤ ግማሹ የጊዜው ነው፣ ግማሹ ግን የራሴ ነው።

እናላችሁ ልጅቱ ስልኳን ጽፋልኝ ስለነበር ደወልኩና ቅዳሜ ተሳፈርኩ። ሆለታን፣ ጊንጪን፣ አምቦን አልፌ፣ በሰንቀሌ በኩል ጉደር ገባሁ።

እናቷ ጠላ ሻጭ ናቸው። ባል የላቸውም፤ ከእሷ በታች ሁለት ወንዶች ልጆች አሉ። ግቢው ውስጥ ጋን፣ እንስራ፣ የተሰጣ ብቅል… ልጅቷ መጽሐፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጌሾ ትለቅማለች። ወሬያችን ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ አማርኛ ነበር።

«በቀን ስንት ሰዓት ታጠኛለሽ?» አልኳት።

«ቀኑን ሙሉ!»

«እሺ፣ ትናንትና ከመኝታሽ ከተነሳሽበት ጀምረሽ ንገሪኝ።»

ጀመረች። 12 ሰዓት ተነስታ ውኃ ቀዳች፣ ቁርስ ሠራች፣ ልጆቹን ሸኘች። 3 ሰዓት ላይ ኬሚስትሪ ገለጠች፤ እንስራ እጠቢ ተባለች። መለስ ብላ ገለጠች፤ ወፍጮ ቤት ተላከች። ከሰዓት በኋላ ጠጪው መጣ፤ መቅዳት፣ ብርጭቆ ማጠብ፣ ዱቤ መጻፍ። ማታ በስልክ መብራት እንግሊዝኛ ስታነብ እንቅልፍ ጣላት። እኔ ወረቀት ላይ እየደመርኩ ነበር። ቀኑን ሙሉ የተባለው ጥናት ተሰብስቦ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሆነ! ልጅቷ ወረቀቱን አይታ ዝም አለች። ከዚያ እንባዋ መጣ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰነፍ መስላት ነበር። ራሷን ስትረግም ከርማለች።

ይሄኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ትምህርት ቤት የሚሰጠን መምህርና ጥቁር ሰሌዳ ብቻ አይደለም። በር አለው! በሩ ከተዘጋ «ውኃ ቅጂ» የሚል ድምፅ አይገባም። ቤት የምትማር ልጅ፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ በር የላትም። ወንድሟ መጽሐፍ ቢይዝ «እያጠና ነው» ይባላል፤ እሷ ብትይዝ «ሥራ ፈታ ተቀምጣለች!» ታዲያ «ፕሮግራም አውጪ» ብዬ ብመልስላት ኖሮ ምን ይጠቅማት ነበር? ሌላ ሰው የሚያዝበትን ሰዓት ምን ብላ ትከፋፍለዋለች?

ፈተናው ደግሞ የዋዛ አይደለም። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን ከጀመሩ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4። ይሄ ክፍል ገብተው መምህር ያዩትንም ይጨምራል። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ የትም አያደርስም። የሚያናድደው ደግሞ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የጉደር ማሞ መዘምር ካምፓስ እዚያው አፍንጫዋ ሥር መሆኑ ነው። ተማሪዎቹን በየቀኑ ታያቸዋለች።

ወደ ትምህርቱ እንግባ። «የማይገባሽ የቱ ነው?» ስላት ሎጋሪዝም አለችኝ። እኔ ደግሞ ሎጋሪዝምን የማስረዳ ሰው አይደለሁም፤ የሸሸሁትን ነግሬያችኋለሁ። ግን አንድ ነገር ጠየቅኳት። «ጌሾ 200 ብር የነበረው 250 ቢገባ ስንት ከመቶ ጨመረ?» ቶሎ ብላ «20» አለች። ለካስ ሃምሳውን ለ250 አካፍላው ነው! የሚካፈለው ለመነሻው ለ200 ነው፤ 25 ከመቶ። ልጅቱ የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ የምትታገለው የታችኛው ክፍል ቀዳዳ ሳይደፈን ነው። ጥፋተኛው ሎጋሪዝም አይደለም። የ7ኛ ክፍል ወንድሟን የሂሳብ መጽሐፍ አስመጣሁና «ለሦስት ሳምንት ይሄን ብቻ ሥሪ» አልኳት። ተሽኮረመመች። ምን ያሳፍራል? መጽሐፉ በኦሮምኛ ነው፤ እስከ 8ኛ ክፍል በዚያው ቋንቋ ተምራ 9ኛ ላይ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ የሆነባት ልጅ፣ ክፍልፋዩን በለመደችው ቋንቋ አጥርታ ብትመለስ ምን ትጎዳለች?

ለእንግሊዝኛውም ለሌላውም የሰጠኋት ዘዴ አንድ ነው። አንድ አንቀጽ ካነበበች በኋላ መጽሐፉን ዘግታ ለወንድሟ በኦሮምኛ ትንገረው። መንገር ካቃታት አልገባትም ማለት ነው፤ ትመለስ። እኔ በ2008 ዓ.ም. ባዮሎጂን አምስት ጊዜ ሳነብ አንድ ጊዜ እንኳ ለሰው ብነግር ኖሮ አለማወቄን አውቅ ነበር። አይን ያየውን ሁሉ ልብ ያወቀው ይመስለዋል።

አሁን ደግሞ የወደድኩትን ላውራችሁ። ባዮሎጂ መጽሐፉ ስለ ኢንዛይም በሚናገርበት ገጽ ላይ «በሙቀት ቅርፁ ይበላሻል» የሚል ነገር አለ። ልጅቷ በቃል ይዛዋለች፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አታውቅም። እናትየውን ጠራኋቸው። «እትዬ፣ ብቅሉን ለምን በፀሐይ ያደርቁታል? እሳት ላይ ቢያደርጉት ቶሎ አይደርስም?» ሳቁብኝ። «አንቺ ልጅ፣ አዲስ አበባ ጠላ የለም እንዴ? ብቅል እሳት ከነካው ይሞታል! ጠላው አይፈላም።»

እንግዲህ ይኸው! ገብሱ ሲበቅል ውስጡ የሚፈጠረው ኢንዛይም ነው ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው። ስኳሩን ደግሞ እርሾው ይበላዋል፤ አንዱ ግሉኮስ ተሰንጥቆ ሁለት አልኮልና ሁለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ጋኑ ውስጥ የሚንተከተከው እሱ ነው። የአምቦ ውኃ ስንከፍት ቱፍ የሚለውም ያው ጋዝ ነው። ልጅቷ ከጋኑ ወደ መጽሐፉ፣ ከመጽሐፉ ወደ እናቷ ታያለች። «ይሄን እኮ በየሳምንቱ ነው የምጠነስሰው!» አለች። እናትየው ግን ከሁላችን በላይ ገረማቸው። «እኔ የማውቀው ነገር እዚያ ውስጥ ተጽፏል?» አሉና መጽሐፉን ተቀብለው ገለባበጡት። ፊደል አልቆጠሩም። (ፊዚክስን በዚሁ መንገድ በጉደር ፏፏቴ ላስረዳት ሞክሬ ነበር፤ ከከፍታ ስለሚወርድ ውኃ ጉልበት። እኔው ተወናብጄ ተውኩት። ለፊዚክስ ሰው ፈልጉላት።)

ያን ጊዜ ነው የመጣሁበትን ያወጣሁት። ወረቀቷን አንብቤላቸው «እትዬ፣ ልጅዎ በቀን የምትማረው ይቺን ብቻ ነው» አልኳቸው። ተቆጡ! «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? እሷ ተቀምጣ፣ እኔ ብቻዬን፣ ልጆቹ ምን ይብሉ? አክስቷ ፓስፖርቷን አስወጥታላታለች፤ ቤሩት ብትሄድ ቢያንስ ትልካለች» አሉ። ክፉ ሴት አይደሉም፣ ወገኖቼ። የደከማቸው ሴት ናቸው። ልውቀሳቸው ብል አፌ አልታዘዘልኝም። ስለ ቤሩትም ሰፊ ስብከት አላደረግኩም፤ «ፓስፖርቱ አይሸሽም፣ ፈተናው ግን ያልፋል» ብቻ አልኳቸው።

ድርድሩ ረጅም ነበር፤ ቡና ሦስተኛው ድረስ ተጠጣ። የተስማማነው እንዲህ ነው። ልጅቷ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስታ እስከ 1 ሰዓት ሂሳብ ትሠራለች፤ ውኃውን በዚያን ሰዓት ትልቁ ወንድሟ ይቀዳል። (ልጁ ፊቱን አጨፈገገ፤ ይልመደው!) ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ጓዳው የእሷ ነው፤ ከገበያ ቀን በቀር ማንም አይጠራትም። ጠላ ቤቱ ሞቅ ሲል ከእናቷ ጋር ትሠራለች። ማታ መብራት ካለ ለወንድሟ ያነበበችውን ትነግረዋለች፤ ከሌለ ትተኛለች። ደክሟት በስልክ መብራት ከምታንጎላጅ መተኛቱ ይሻላል። በቀን አምስት ሰዓት መጣ። እኔ ስምንት ፈልጌ ነበር፤ አልሆነም።

ለአንቺ ለደብዳቤዋ ባለቤት የቀረኝ ይሄ ነው፦ የግል ተፈታኞች ምዝገባ መቼ እንደሆነ ከአሁኑ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ጠይቂ፤ ቀኑ ካለፈ የሚለምኑት ሰው የለም። ባዮሎጂን ትወጃለሽ፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ አንብቢው። የጠላውን የዱቤ ደብተር አንቺ ያዢው፤ መቶኛውን እዚያ ላይ ትለማመጃለሽ።

ስወጣ ደጃፉ ላይ አንድ ሽማግሌ ብርጭቋቸውን ይዘው «ልጅቱ የት ሄደች?» ሲሉ ሰማሁ። እናትየው «ትምህርት ቤት ናት» አሏቸው። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ወደ ጓዳው አዩ። አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ስለነበር የሆነውን ሳላይ ሮጥኩ። ሰኞ ደውዬ ስጠይቃት በመጀመሪያው ቀን ሁለቴ ተጠርታለች፤ አንዴ ሄዳለች፣ አንዴ «አልመጣም» ብላለች።

የቀናተኛው እጮኛ ነገር በሚቀጥለው ሳምንት። ቸር ሰንብቱ።