የስኳር በሽታና ካንሰር፦ ወሬውን ትተን እንመርመር



«ስኳር የያዘው ሰው መጨረሻው ካንሰር ነው» የሚል ወሬ በየቡናውና በየውሃ ወረፋው ይነገራል። «ስኳር ሌላ፣ ካንሰር ሌላ፤ ምን አገናኛቸው?» የሚሉም አሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ስህተታቸውም ሰው ይጎዳል።

ዝምድናው እውነት ነው። የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበርና የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር በ2010 እ.ኤ.አ. በጋራ ባወጡት ዘገባ እንደተገለጸው፣ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው ሰዎች በጉበት፣ በቆሽትና በማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ካንሰር የመያዛቸው ዕድል ከሌላው ሰው 2 እጥፍ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። በትልቁ አንጀት፣ በጡትና በሽንት ፊኛ ካንሰር ግን ጭማሪው ያንሳል። ዕድሜ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ያለ እንቅስቃሴ መዋል፣ ሲጋራና አልኮል ለሁለቱም በሽታዎች መንገድ ይጠርጋሉ። በደም ውስጥ የሚበዛ ኢንሱሊንም ሕዋሳት እንዲባዙ ሊገፋፋ ይችላል።

ይህን ሰምቶ ግን መርፌውን የሚያቆም እንዳይኖር! ኢንሱሊን የታዘዘለት ሰው ቢያቋርጥ አደጋው የሩቅ ሳይሆን የዛሬ ነው። ያው ዘገባም ለአብዛኛው ሕመምተኛ የካንሰር ሥጋት የመድኃኒት ምርጫ ዋና መመዘኛ ሊሆን እንደማይገባ ገልጿል።

ተማሪዎች፤ «2 እጥፍ» ምን ማለት እንደሆነ በሒሳብ እንየው። ለስሌት ያህል፣ ከ1,000 ሰዎች 3ቱን የሚይዝ በሽታ 2 እጥፍ ሲሆን 6ቱን ይይዛል፤ 994ቱን አይነካም። ቸል የሚባል አይደለም፤ የሞት ፍርድም አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ወላጆች፤ ስኳር እንዳለባችሁ ለክሊኒኩ ሳትደብቁ ተናገሩ፤ ቀጠሮም አታሳልፉ። በሰገራ ላይ ደም፣ በጡት ላይ እብጠት፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣ ደም፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ከታየ «ያው ስኳሬ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነውና። በራሽን የሚሰጠንን እህል መምረጥ አንችልም፤ በሻይ ላይ የምንጨምረውን ስኳር መቀነስ፣ በእግር መሄድና ሲጋራን መተው ግን በእጃችን ነው።

ተማሪዎች ደግሞ የቀጠሮ ወረቀቱን ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው፤ ቀኑንም አስታውሷቸው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ነው።