ብቻህን? ምን ሆነህ?

ከአንድ መሥሪያ ቤት ወጥቼ ሌላው ጋ ልገባ ዘጠኝ ቀን ቀርቶኛል። ክሊራንስ ጨርሻለሁ። ላፕቶፑን፣ ቁልፉንና መታወቂያውን አስረክቤያለሁ። የሥራ ልምድ ደብዳቤዬን ከነማኅተሙ ተቀብያለሁ። አዲሱ መሥሪያ ቤት «የፊታችን ሳይሆን የዚያኛው ሰኞ ጀምር» ብሎኛል። ከዘጠኙ ቀን ሦስቱን ለራሴ ላደርግ አሰብኩ። ቢሾፍቱ እወርዳለሁ፤ ከሐይቁ ራቅ ብሎም ቢሆን ዋጋው የማይጎዳ አንድ ክፍል እይዛለሁ፤ ሁለት ሌሊት አድሬ በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ። ብቻዬን።

ይህችን «ብቻዬን» የምትል ቃል ዋጥ ባደርጋት ኖሮ ይህንን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር።

ባለቤቴ የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ብቻህን? ምን ሆነህ?» አለችኝ። ማታ ታናሽ ወንድሜ ደወለ። «ሰማሁ እኮ፤ በሰላም ነው? አባረሩህ እንዴ?» በማግስቱ አክስቴ እትዬ ደወሉ። «ልጄ፣ ሰው ከሰው የሚሸሸው ሲጨንቀው ነው። ግድ የለህም፣ ጠበል እንውሰድህ። እኔም አለሁ፣ ጎረቤቶቼም አሉ፣ አንድ ሚኒባስ ይበቃናል።» አብሮ አደግ ጓደኛዬ ደግሞ ብዙም አላለ። ዙሪያውን ገልመጥ አደረገና ዓይኑን ጠቀሰኝ፤ «ማናት?» አለኝ።

እንግዲህ በሁለት ቀን ውስጥ የተባረረ ሆንኩ፤ የታመመ ሆንኩ፤ መንፈስ ያደረበት ሆንኩ፤ በመጨረሻም ውሽማ የያዘ ሆንኩ። «ደክሞት ይሆናል» ያለ ግን አንድ ሰው አልተገኘም።

ነገሩ የእኔ ብቻ ቢሆን ስቄ ባለፍኩት። ግን አይደለም። እኛ አገር ብቻውን ሊያርፍ የፈለገ ሰው ተከሳሽ ነው፤ ንጹሕ መሆኑን የማስረዳት ሸክሙም የእሱ ነው። ብቻውን ቢሠራ «ጎበዝ» እንለዋለን። ብቻውን ሌሊቱን ሲያመሽ ቢያድር «ታታሪ» እንለዋለን። ብቻውን ሁለት ቀን ቁጭ ልበል ሲል ነው ሽማግሌ የምንልክበት።

አርብ ለቅቆ ሰኞ መጀመር ምን እንደሚመስል ደርሶብኝ አውቀዋለሁ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሥራ ስቀይር እንደዚያ ነው ያደረግሁት። በመጀመሪያው ሰኞ ስልኩ ሲጮህ አንስቼ የቀድሞውን መሥሪያ ቤት ስም ጠራሁ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በሦስተኛው ሳምንት ግን የሚያስቅ አልነበረም። አዲሱ አለቃዬ ረጋ ብሎ አንድ ነገር ቢጠይቀኝ ተነሥቼ ጮኹበት። ሰውዬው ደነገጠ። የጮኹት በእሱ ላይ አልነበረም፤ አራት ዓመት ሙሉ መልስ ሳልሰጠው በቀረሁት በቀድሞው አለቃዬ ላይ ነበር። የአንዱን ቤት እዳ ለሌላው ቤት ከፈልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው።

«ታዲያ ቤትህ አትቀመጥም?» የሚል አይጠፋም። ወዳጄ፣ ቤት መቀመጥ የሚባለውን እናውቀዋለን። አንድ ሰው ሥራ ለቀቀ ሲባል ዘመድ አዝማድ ውስጥ ደወል ይደወላል። «አሁን እኮ ሥራ ፈት ነህ አይደል?» ይጀመራል። የወንድም መኪና ቦሎ ሊወጣለት ነው። የጎረቤት ልጅ ትምህርት ቤት ሊመዘገብ ነው። የውሃ ቆጣሪ ተበላሽቷል። የዕድር ሰብሳቢው ታመዋል፤ ለሁለት ሳምንት ተክተሃቸው ብትሠራ ምናለ? ለቅሶ ያልደረስክበት ቤት ይቆጠራል፤ አራስ ያልጠየቅክበት ይቆጠራል። ሥራ ላይ ሳለህ ማንም ያልጠየቀህ ሁሉ፣ ባዶ ቀን አለህ ሲባል ይሰለፋል። ሰኞ አዲሱ ሥራ ስትገባ ከአሮጌው ሥራ ይልቅ ዕረፍቱ አድክሞህ ነው።

እስኪ ወደ ሕጉ እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ ሰው 21 ቀን ደርሷል ማለት ነው። ይህ ሰው መሥሪያ ቤት ሲቀይር ግን ቆጠራው ከ16 ይጀምራል፤ የመጀመሪያ ፈቃዱንም የሚያገኘው በአዲሱ ቤት አንድ ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው። የሙከራ ጊዜ የሚባልም አለ፤ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል። በሙከራ ጊዜ አለቃው ፊት ቆሞ «ትንሽ ልረፍ» የሚል ጀግና ካለ አስተዋውቁኝ። ስለዚህ አርብ ለቅቆ ሰኞ የሚጀምር ሰው፣ የድካሙን አቁማዳ ተሸክሞ ሌላ ዓመት ሊሄድ መፈረሙን ይወቅ።

ይኸው አዋጅ ሌላም ነገር ይላል። ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱን በስምምነት እንኳ ሊተው አይችልም፤ ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥም በመርህ ክልክል ነው። ሕግ አውጪው ዕረፍትን የማይሸጥ የማይለወጥ አድርጎ አይቶታል። በገንዘብ የሚከፈለው ሠራተኛው ሲለቅ ሳይወስደው የቀረ ፈቃድ ካለው ነው። እኛ ታዲያ ያንን ገንዘብ ምን እናደርገዋለን? ሶፋ እንገዛበታለን። ያላረፍናቸው ቀናት ሶፋ ሆነው ሳሎን ይቀመጣሉ፤ እኛ ግን የምንቀመጥበት ጊዜ የለንም።

አሁን ተቃዋሚዎቼን ላነጋግር።

«ይኼ ፈረንጅ አመጣሽ ነገር ነው» የሚሉ አሉ። ለመሆኑ ሱባኤ የገባ ሰው ማንን ይዞ ነው የገባው? ደብረ ሊባኖስ ወይም ዝቋላ ወርዶ ሰባት ቀን የዘጋ ሰው ስንቱን የቡና ጓደኛ አስከትሎ ነበር? በረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት መስጊድ ውስጥ ኢዕቲካፍ የሚገባውስ? ከሰው ገለል ብሎ ከራስና ከፈጣሪ ጋር መነጋገርን አያቶቻችን ስምም ሥርዓትም ሰጥተውት ነበር። ገበሬውም ቢሆን አንዱን ማሳ አርሶ ሲጨርስ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው ወደሚቀጥለው ማሳ አይነዳም። ይፈታቸዋል፤ ሣር ይግጣሉ፤ ውሃ ይጠጣሉ። በዲግሪ የተመረቀው ልጁ ግን ከማሳ ወደ ማሳ ከነቀንበሩ ይሮጣል።

«ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ እኔም ያደግሁት በዚያው መድኃኒት ነው። ግን መድኃኒትም ልክ አለው፤ ሐኪም ሲያዝ «በቀን ሦስት ጊዜ» ይላል እንጂ «ቀኑን ሙሉ» አይልም። ከሰው ጋር ያለ ዕረፍት የዋለ ሰው ሰውን መስማት ይተዋል። ቡና ላይ ተቀምጦ ራሱን የሚነቀንቀውን ተመልከቱት፤ ጆሮው እዚያ የለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው። «ይኼ ቅንጦት ነው፤ ሰው ሥራ አጥቶ በሚንከራተትበት አገር በሁለት ሥራ መካከል ስለሚደረግ ሽርሽር ታወራለህ» ይላል። ይህንን የሚለኝ ሥራ ያጣ ሰው ከሆነ አንገቴን ደፍቼ እሰማዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚለው ግን ሠራተኛ ያለው ሰው ነው። እንግዲህ አንድ ጥያቄ ልጠይቀው፤ ቤትህ የምትሠራው ልጅ ከቀድሞ ቤቷ የወጣችው መቼ ነበር? ቅዳሜ ከሰዓት። የት አደረች? ደላላው ቤት፣ ከስድስት ሴት ልጆች ጋር፣ ሻንጣዋን ተንተርሳ። አንተ ቤት የጀመረችውስ? እሑድ ጠዋት፣ እንግዳ ስለነበረብህ። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሽፋኑ ውጪ ስላደረገው እሷን 16 ቀኑም፣ የሙከራ ጊዜውም አያውቃትም። ዕረፍት ቅንጦት ነው ብሎ የሚያምን አሠሪ፣ ለሌላውም እንደ ቅንጦት ቆጥሮ ይነፍጋል። ለራሱ ማረፍን ያላወቀ ሰው የሌላው ድካም አይታየውም። ስለዚህ ነው ነገሩን ቀላል የማላደርገው።

ሴት ከሆነች ደግሞ ክሱ እጥፍ ነው። አንዲት የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ሥራ ስትቀይር እንደ እኔው ሁለት ሌሊት ልረፍ ብላ አንድ ሎጅ ሄደች። ሪሴፕሽን ላይ «ስንት ሰው?» ተባለች። «አንድ።» «ማለቴ... ማን ይመጣል?» «ማንም አይመጣም።» ልጁ መታወቂያዋን ገለባብጦ አየው። እራት ላይ አስተናጋጁ ሁለት ሳህን አስቀመጠላት። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ፤ «የሚጨመር ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ነው» አላት አንድ ወንድ ድምፅ። ሌሊቱን ወንበር በሩ ላይ አስደግፋ አደረች፤ ሲነጋ አዲስ አበባ ተመለሰች። ከፍላ የሄደችው ለማረፍ ነበር፤ ዘበኛ ሆና አደረች። ሆቴል ቤቶቻችን «እንግዳ ተቀባይ ነን» ይላሉ። ብቻዋን የመጣችን ሴት እንግዳ ብሎ መቀበል ካልተቻለ እንግዳ ተቀባይነቱ ለማን ነው?

እንግዲህ ልሂድ ላላችሁ ጥቂት ልምከር። ዕረፍቱ የሚታቀደው ከለቀቃችሁ በኋላ ሳይሆን አዲሱ አሠሪ «መቼ ትጀምራለህ?» ያለ ዕለት ነው። «ነገም ቢሆን» አትበሉ። ሕጉ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል፤ እናንተ ሰላሳውን ቆጥራችሁ አንድ ሳምንት ጨምሩበት። ሰባት ቀን የማይታገስ አሠሪ ሰባት ዓመት እንዴት እንደሚያሠራችሁ ከወዲሁ አሳያችሁ ማለት ነው። ሩቅ አትሂዱ፤ ከሦስት ቀን ሁለቱን አውቶቡስ ከበላው ዕረፍት አይባልም። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ሰኞ ሄዳችሁ ሐሙስ ተመለሱ፤ ቅዳሜና እሑድ ሐይቁ ዳር የሠርግና የድምፅ ማጉያ ነው። የመመለሻ ትራንስፖርት ሌላ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። የት እንዳላችሁ ለአንድ ሰው ብቻ ንገሩ። ስልኩን ማታ ለግማሽ ሰዓት ክፈቱ፤ ከዚያ ዝጉ። ሆራን፣ ባቦጋያንና ኩሪፍቱን በአንድ ቀን ለማዳረስ አትሩጡ፤ ያ ሌላ ሥራ ነው። አቅም ከሌላችሁ ደግሞ አንድ ቀን እንጦጦ ጫካ ውስጥ ዳቦና ውሃ ይዞ መዋልም ይቆጠራል።

እኔ ሄድኩ። ምን አደረግህ ብትሉኝ የሚነገር ነገር የለም። የመጀመሪያውን ቀን ተኛሁ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ባቦጋያ ዳር ቁጭ ብዬ ከቀድሞው አለቃዬ ጋር በሐሳቤ ስከራከር ራሴን ያዝኩት፤ ከንፈሬ ሁሉ ይንቀሳቀስ ነበር። እስከ ምሳ ተከራከርኩ፤ ግማሹን ረታሁ፣ ግማሹን ተረታሁ። ከሰዓት በኋላ የምለው አለቀብኝ። ሰኞ አዲሱ ቢሮ ስገባ ያ ሰውዬ አብሮኝ አልገባም።

ይህንን ሁሉ ብዬ ግን አንድ ነገር ደብቄ ባልፍ ውሸታም ነኝ። ከስምንት ወር በኋላ ባለቤቴ ሥራ ቀየረች። አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ «እኔም ሁለት ሌሊት ልሂድ፤ አንተ ልጆቹን ትይዛለህ» አለችኝ። ያን ሁሉ ክርክር የማውቀው፣ አዋጅ የምጠቅሰው፣ በሬና ቀንበር የምተርተው እኔ ምን ብዬ መለስኩ መሰላችሁ?

«ብቻሽን? ምን ሆነሽ?»

ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ሻንጣውን አወረድኩላት። በማግስቱ እትዬ ደወሉልኝ፤ «ምን አድርገሃት ነው?» አሉኝ። «ደክሟት ነው እትዬ፣ ሌላ ምንም የለም» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። «እኔን ግን» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔን ግን እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

እትዬ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው።