ዘንጉ የማን ነው?

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ፓርቲም ስለ ምርጫም አይደለም፤ ስለ አንድ ረጅም ዘንግ ነው። «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ወሬ ነው?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። በዚህ ዘንግ ጫፍ ላይ የብዙ ወገኖቻችን እንጀራ ተንጠልጥሏልና!

ባለፈው ኤፕሪል አንድ ማለዳ በኦስሎ ሴንትሩም፣ በስቱርጋታ በኩል ሳልፍ አንድ የሀገሬ ልጅ እታች መንገድ ላይ ቆሞ የሦስተኛ ፎቅ መስኮት ሲያጥብ አየሁት። ኦስሎን በኤፕሪል የሚያውቃት ያውቃታል። በረዶው ሲሄድ፣ ክረምቱን ሙሉ ባለጥርስ የመኪና ጎማ የፈጨው የአስፋልት አቧራ መስታወቱን ሁሉ አመድ ያለብሰዋል። ባለሱቁ ደግሞ ከሜይ 17 የኖርዌይ ብሔራዊ በዓል በፊት መስኮቱ እንዲያበራለት ይፈልጋል። እናም ለመስኮት አጣቢ የመኸር ወራት ነው። ሰላምታ ተለዋወጥን። እኔ እነዚህን ዘንጎች እያስመጣሁ የምሸጥ ሰው ስለሆንኩ ዓይኔ ቶሎ ያረፈው ዘንጉ ላይ ነበር።

«ዘንጉ ያንተ ነው?» አልኩት።

«አይ ጋሼ፣ የድርጅቱ ነው። በቀን 150 ክሮነር የኪራይ ይቆርጡብኛል።»

«ተቀጣሪያቸው ነህ ማለት ነው?»

«አይደለሁም። በራሴ ስም ድርጅት አስመዝግቤ ነው የምሠራላቸው። አስመዝግብ ያሉኝም እነሱ ናቸው። የት እንደምሄድና ስንት ሰዓት እንደምጀምር ማታ ማታ በስልክ ይልኩልኛል።» ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እርስዎ ዘንግ ይሸጣሉ አሉ። ለእኔ በስንት ያደርጉልኛል?» አለኝ።

ነጋዴ ነኝና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ገበያው በእግሩ መጣልኝ። ግን ምላሴ ተሳሰረ። ለምን እንደተሳሰረ ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ።

ከመሰላል ወደ ዘንግ

ነገሩን ለማያውቁት ላስረዳ። ቀድሞ መስኮት አጣቢ ማለት መሰላል፣ ባልዲ፣ ሳሙናና የጎማ መጥረጊያ የያዘ ሰው ነበር። ያን የጎማ መጥረጊያ ዛሬ ባለው መልኩ የሠራው እንደኛው ስደተኛ ነው። ኤቶሬ ስቴኮኔ የተባለ ጣሊያናዊ፣ በአሜሪካ ኦክላንድ ከተማ መስኮት ያጥብ የነበረ፣ ቀለል ያለ የናስ መጥረጊያ ፈልስፎ በ1936 የራሱን ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ልብ በሉ፣ ስቴኮኔን ያሳደገው መስኮት ማጠቡ ብቻ አይደለም። የሚያጥብበት መሣሪያ የራሱ መሆኑ ነው።

የዛሬው መሣሪያ ከካርቦን ፋይበር ወይም ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ እንደ አንቴና እየተሳበ የሚረዝም ዘንግ ነው። ቀጭን ቱቦ ያልፍበታል፤ ጫፉ ላይ ብሩሽ አለ፤ ከብሩሹ መካከል ውሃ ይረጫል። ሳሙና የለም፣ መወልወልም የለም። ምሥጢሩ ውሃው ነው። የቧንቧ ውሃ መስታወት ላይ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ የሚተወው እንደ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያሉ ማዕድናት ስላሉበት ነው። ማዕድኑ በሬዚን ማጣሪያ ከወጣለት ግን ውሃው ደርቆ ምንም አይተውም። በሙያው ዘንድ ልማዱ የሟሟው ማዕድን በሚሊዮን ከ10 እጅ በታች እንዲሆን ነው።

ዘንጉን ያስፋፋው ምቾቱ ብቻ አይደለም፤ ሕግም ጭምር ነው። በብሪታንያ በ2005 የወጣው ከፍታ ላይ ስለሚሠራ ሥራ የሚደነግገው ደንብ፣ ሥራውን መሬት ላይ ሆኖ መጨረስ ከተቻለ ከፍታ ላይ አትውጡ ይላል። በኖርዌይም ቢሆን መሰላል የሚፈቀደው አደጋው አነስተኛ ለሆነ፣ ለአጭር ጊዜ ሥራ ነው። እንግዲህ መሰላሉ እየወረደ ዘንጉ እየወጣ መጣ።

ሴንትሩም ለምን ተመቸ?

ይህ ሥራ ለሴንትሩም ልክ ነው። በካርል ዮሃን ጎዳናና በዙሪያው ያሉት አሮጌ ሕንፃዎች አብዛኞቹ ከአራት እስከ ስድስት ፎቅ ናቸው፤ ጥሩ ዘንግ አብዛኛውን ይደርሳል። በቢዮርቪካ ያሉት ባርኮድ የሚባሉት የመስታወት ሕንፃዎች ግን የገመድና የተንጠልጣይ ሳጥን ሥራ ናቸውና እሱን ለባለቤቱ እንተወው።

ሁለተኛው ውሃው ነው። የኦስሎ የመጠጥ ውሃ 90 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከማሪዳልስቫኔ ሐይቅ ሲሆን ለስላሳ፣ ማዕድኑ ያነሰ ውሃ ነው። በእኔ መለኪያ ሁልጊዜ ከ100 በታች ያሳያል። የኖራ ድንጋይ አቋርጦ የሚመጣው የለንደን ውሃ ከ250 በላይ ሊሆን ይችላል። ትርጉሙ ምንድን ነው? ለንደን ያለ አጣቢ ውድ ማጣሪያ በማጣሪያ ላይ ሲደራርብ፣ እዚህ አንድ የሬዚን ጠርሙስ ብቻውን ይበቃል፤ ዕድሜውም ይረዝማል።

ሦስተኛው የመኪና ማቆሚያ ጉዳይ ነው። የኦስሎ ከተማ አስተዳደር መኪናን ከመሃል ከተማ ለመቀነስ ባወጣው ዕቅድ እስከ 2019 ድረስ ከ700 በላይ የመንገድ ዳር ማቆሚያዎችን አንሥቷል። ትልልቆቹ ድርጅቶች የውሃ ጋናቸውን የሚጭኑት በመኪና ነው። ትንሹ ሰው ግን በጀርባ በሚታዘል ወይም በእጅ በሚገፋ ጋን ይሠራል። በሴንትሩም መኪና የሌለው ሰው መኪና ካለው ጋር እኩል የሚወዳደርበት ሥራ ስንት አለ?

ጣጣም አለው። ውሃ ይቀዘቅዛልና ወቅቱ በአመዛኙ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የትራም ሽቦ አለ። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ፋይበርግላስም ቢሆን ውሃ እየፈሰሰበት አይታመንም። በስቱርጋታና በፕሪንሰንስ ጋታ ሽቦው ከአናት በላይ ተዘርግቷል፤ ደጋፊ ገመዶቹም የታሰሩት ከሕንፃዎቹ ግድግዳ ላይ ነው። ዘንግ ሲገዛ ይህን ያልተነገረው ሰው ዘንግ አልተሸጠለትም፤ አደጋ ነው የተሸጠለት።

ከየት ይመጣል?

ታዋቂዎቹ ዘንጎች የጀርመኑ ኡንገርና የብሪታንያው ጋርዲነር ናቸው። መለዋወጫቸው ይገኛል፣ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል። የክሮነር መዳከም ደግሞ ጨምሮበታል። በ2012 አንድ ዩሮ በአማካይ ከ8 ክሮነር በታች ነበር፤ በ2023 እና በ2024 ግን በአማካይ ከ11 ክሮነር በላይ ሆነ። ዕቃው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር እኛ ዘንድ ሲደርስ ጨምሮ ይገኛል። ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ አባል ስላልሆነች ከጀርመን የመጣውም ቢሆን ጉምሩክ ያልፋል። እንዲህ ባለው የፋብሪካ ዕቃ ላይ ቀረጥ የለም፤ 25 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ግን አለ። ዘንግ ረጅም ዕቃ በመሆኑም የማጓጓዣ ድርጅቶች በክብደቱ ብቻ ሳይሆን በርዝመቱም ያስከፍላሉ።

ቻይና ርካሽ ነው። እኔም መጀመሪያ የሮጥኩት ወደዚያው ነበር። አሥር ዘንግ አስመጣሁ፤ ወረቀቱ «መቶ በመቶ ካርቦን» ይል ነበር። ሲመዘን ከበደ፣ ሲዘረጋ እንደ ሸምበቆ ተለመጠ። የኦክቶበር ብርድ ሲመጣ ደግሞ የየክፍሉ ማጥበቂያ ፕላስቲክ መሰንጠቅ ጀመረ። መለዋወጫ ብጠይቅ ሌላ ሙሉ ዘንግ ግዛ ተባልኩ። አንዱ ደንበኛዬ፣ የራሴው ወገን፣ ሥራ መሃል ዘንጉ ተሰብሮበት ውሉን አጣ። ገንዘቡን መለስኩለት፤ ውሉን ግን ከየት አምጥቼ ልመልስለት? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ እናቶቻችን፤ እኔ አፍስሼ መልቀሙም ተሳነኝ። ከዚያ ወዲህ ማጥበቂያው፣ ብሩሹና ቱቦው ለየብቻው የማይገኝለትን ዘንግ አልሸጥም።

ሕጉ ምን ይጠይቃል?

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። ኖርዌይ የጽዳት ሥራን በዋዛ አትመለከተውም። ከ2011 ጀምሮ በጽዳት ዘርፍ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ለሁሉም አሠሪ ግዴታ ሆኗል። ከሴፕቴምበር 2012 ጀምሮ ደግሞ አርባይድስቲልሲኔ ከሚባለው የሥራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ከሌለው ድርጅት የጽዳት አገልግሎት መግዛት ተከልክሏል። ይህ ሁሉ ሲጠብቅ አንዳንዱ ቀዳዳ ፈለገ። ቀዳዳውም «ተቀጣሪዬ አይደለም፣ የራሱ ድርጅት አለው» ማለት ነው።

በዚህ ላይ ነው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የሥራ አካባቢ ሕጉ የተሻሻለው። ዛሬ መነሻው ሠራተኛው ተቀጣሪ ነው የሚል ነው። አይደለም የሚል አሠሪ ራሱ ያስረዳ! ሲመረመርም የሚታየው የወረቀቱ ስም አይደለም። ሥራውን የሚመራውና የሚቆጣጠረው ማነው? ሰዓቱን የሚወስነው ማነው? ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ደግሞ ይህ ነው፦ የሥራውን መሣሪያ የሚያቀርበው ማነው?

ምላሴ ለምን እንደተሳሰረ አሁን ገባችሁ? «ዘንጉ ያንተ ነው?» ብዬ በነጋዴ ልብ የጠየቅኩት ጥያቄ የሕግም ጥያቄ ነው። ልጁ በሌላ ሰው ትእዛዝ፣ በሌላ ሰው ሰዓት፣ በሌላ ሰው ዘንግ ይሠራል። በእኔ ግምት ይህ ተቀጣሪ ነው። ተቀጣሪ ከሆነ ቢያንስ 10.2 በመቶ የዕረፍት ገንዘብ አለው፤ ቢታመም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይከፈለዋል፤ አሠሪው የሥራ አደጋ ዋስትና ሊገባለት ግዴታው ነው። በራሱ ስም የሚሠራ ሰው ግን ሲታመም የሚታሰብለት ከ17ኛው ቀን ጀምሮ ነው፤ ያውም 80 በመቶ፤ ተጨማሪ ዋስትና ካልገባ በቀር። እኔ ዘንግ ብሸጥለት ድርጅቱ ነገ «ይኸው፣ የራሱ መሣሪያ አለው» ሊል ነው። የእኔ ሽያጭ የእሱን መብት ይበላል ማለት ነው።

እንደነበረ ቢቀጥልስ? ሒሳቡን እንሥራ። በቀን 150 ክሮነር፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በወቅቱ 30 ሳምንት 22,500 ክሮነር ይሆናል። እኔ ዘንጉን፣ የሬዚን ጠርሙሱን፣ የሚታዘለውን ጋንና ቱቦውን አንድ ላይ የምሸጠው ያለ ታክሱ 18,000 ክሮነር ገደማ ነው። ልጁ በአንድ ወቅት የዘንጉን ዋጋ ከነትርፉ ከፍሎ ዘንጉ የሌላ ሰው ሆኖ ይቀራል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይሄ ነው።

«ለምን አይጠይቅም?» ትሉ ይሆናል። ፍርሃቱ መሠረት አለው። በ2011 መጀመሪያ ጥያቄያቸው ውድቅ የሆነባቸው፣ ለዓመታት እየሠሩ ግብር ሲከፍሉ የነበሩ ወገኖቻችን የግብር ካርድ ሲከለከሉ ኦስሎ ያለን ሁሉ አይተናል። መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው እንኳ ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤት ሲባል ይደነግጣል። ይሁንና የያኔው ጉዳይ የመኖሪያ ወረቀት ነበር፤ የዛሬው የሥራ ውል ነው። ፍርሃቱን ከቦታው ውጪ ተሸክመን መዞር የለብንም።

ታዲያ ምን ይሻላል?

እኔ ሻጭ ነኝ፤ የምለውን በዚያው ሚዛን መዝኑት። መንገዱ ሁለት ይመስለኛል። የመጀመሪያው፣ በሌላ ሰው ትእዛዝ የሚሠራ ሰው ዘንግ አይግዛ፣ አይከራይም። ውሉን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ሰዓቱንና የተቆረጠበትን ይመዝግብ። የውጭ ሀገር ሠራተኞች የአገልግሎት ማዕከል ኦስሎ ውስጥ አለ፤ የጽዳት ሠራተኞችን የሚያደራጀው የሠራተኞች ማኅበር ኖሽክ አርባይድስማንስፎርቡንድም አለ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሁለተኛው፣ የራሱን ደንበኛ ይዞ፣ ዋጋውን ራሱ ቆርጦ፣ ፈቃዱን አውጥቶ ለመሥራት የቆረጠ ሰው ነው። እሱ ዘንጉ የራሱ ይሁን። ገንዘቡስ? እቁብ ለምን ተፈጠረ! አሥራ ሁለት ሰው በወር 1,500 ክሮነር ቢጥል 18,000 ነው፤ በየወሩ አንድ ሰው ሙሉ ዕቃ ያወጣል። በኦክቶበር ቢጀመር ሥራው በሚከፈትበት በኤፕሪል ሰባቱ መሣሪያ ይዘዋል። አንድ ላይ ሲታዘዝ ማጓጓዣው ይቀላል፤ መለዋወጫውም በጋራ ይቀመጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው ለለቅሶና ለሠርግ ብቻ መሆን የለበትም።

ለልጁ በዚያ ማለዳ ምንም አልሸጥኩለትም። ቡና ጋብዤው፣ የማዕከሉን አድራሻ ጽፌ ሰጠሁትና፣ «መጀመሪያ ተቀጣሪ መሆን አለመሆንህን አጣራ፤ ከዚያ ና» አልኩት። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ መስኮቱ ተመለሰ። እስካሁን አልመጣም። ውሉን አግኝቶ ከሆነ ደንበኛ በማጣቴ ደስ ይለኛል። ፈርቶ ከሆነ ግን ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሁሉ ስቱርጋታ ላይ ዘንግ የያዘ ወገኑን ሲያገኝ ሰላምታ ሰጥቶ አንድ ጥያቄ ይጠይቅልኝ፦ ዘንጉ የማን ነው?

ቸር ይግጠመን።