ወገብ ሁሉ ኩላሊት አይደለም



መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው በየቀኑ ከሚሰማቸው ንግግሮች አንዱ «ኩላሊቴን አሞኛል፣ ዳይክሎፌናክ ስጪኝ» የሚለው ነው። «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ብለን ስንጠይቅ አብዛኞቹ እጃቸውን የሚያሳርፉት ቀበቶ ከሚታሰርበት ዝቅ ብሎ ወገባቸው ላይ ነው። ኩላሊት ግን እዚያ የለም። የሚገኘው ከፍ ብሎ፣ ከታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ሥር፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ነው። ነገሩ የስም ስህተት ብቻ ቢሆን ዓምዳችንን ባላጣበብንበት ነበር። ሰውን ወደተሳሳተ መድኃኒት የሚመራ በመሆኑ ግን ዝም ሊባል አይገባም እላለሁ።

የኩላሊት ሕመም የራሱ ጠባይ አለው። ጠጠር ከሆነ ሕመሙ ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፣ መጣ ሄደት እያለ ያጣድፋል፣ ቢቀመጡም ቢተኙም ፋታ አይሰጥም፤ ሽንትም ደም ሊቀላቅል ይችላል። ኢንፌክሽን ከሆነ ደግሞ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት አለው። የወገብ ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ ሲያጎነብሱ ወይም ዕቃ ሲያነሱ ይብሳል፣ አቀማመጥ ሲቀይሩ ቀለል ይላል።

ታዲያ ወገብን ምን ያሳምመዋል? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው። ከእነዚህ 90 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ይህ ነው ተብሎ የሚጠቆም በሽታ የማይገኝባቸው ናቸው። ጡንቻና ጅማት ከአቅም በላይ ሲሠሩ፣ ወይም ጨርሶ ሳይሠሩ ሲቀሩ ያማሉ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ እናቶቻችን ይህን ተሸክመው ዳገት ይወጣሉ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ልብስ ያጥባሉ። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የሚውለው ሾፌርና ከመኪናው ሳይነሳ የሚውለው ልብስ ሰፊም ከዚሁ ጎራ ናቸው። (ከዙህር እስከ መግሪብ በአንድ ጎኑ ጋደም ብሎ በርጫ ላይ የሚውለውም ወገቡን ሲያመው ብርድ ነው ይላል!)

ሕመሙ ከመቀመጫ ተነስቶ ከጉልበት በታች እስከ እግር የሚወርድ ከሆነ፣ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ለሳምንታት የቆየ ሕመም ከሌሊት ላብ፣ ከትኩሳትና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ መታሰብ አለበት። ያልፈላ ወተት የሚጠጡ ሰዎችም ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት የሚመጣ በሽታ ወገባቸውን ሊያሳምማቸው ይችላል። እነዚህን ማስታገሻ አያድናቸውም፤ ይሸፍናቸዋል እንጂ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭን መካከል ከደነዘዘ ወይም እግር ከሰነፈ ነገ አይባልም፤ ያኑ ዕለት ሆስፒታል መሄድ ነው።

ወደ ዳይክሎፌናክ እንመለስ። ይህ መድኃኒት ሕመም የሚያስታግሰው ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው። ይኸው ንጥረ ነገር ግን የጨጓራን ግድግዳ ይጠብቃል፤ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም እንዳይቀንስም ያግዛል። እንግዲህ አስቡት፤ ኩላሊቴን አሞኛል ብሎ የመጣ ሰው ኩላሊት የሚጎዳ መድኃኒት ገዝቶ ይሄዳል። ለጤነኛ ጎልማሳ ለጥቂት ቀናት፣ ከምግብ በኋላ ቢወሰድ ብዙም አያሰጋ ይሆናል። ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና የሚያሸና መድኃኒት አብረው ለሚወስዱ አባቶች ግን ሦስተኛ ሆኖ ሲጨመር ኩላሊትን በድንገት ሊያደክም ይችላል። የጨጓራ ቁስል ያለበትና ነፍሰ ጡር እህት፣ በተለይ ከ20 ሳምንት በኋላ፣ ሐኪም ሳያዝ መውሰድ የለባቸውም። በረመዳንም በባዶ ሆድ ከመዋጥ ከኢፍጣር ምግብ በኋላ ማድረግ ይሻላል፤ ውኃም በደንብ ይጠጣ።

«ክኒኑ አይሠራልኝም፣ መርፌውን ውጊኝ» የሚሉም አሉ። መርፌውም ያው መድኃኒት ነው፤ ለኩላሊትና ለጨጓራ አያዝንም። ያለ ማዘዣ እየወጉ የሚልኩ የሙያ ባልደረቦቻችንም ደንበኛ እንዳይቀር ብለው መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ትክክል አይደለም።

ለአብዛኛው የወገብ ሕመም የሚበጀው ቀላል ነው። ለቀናት አልጋ ላይ መዋል ጡንቻን ያደክማል እንጂ አያድንም፤ ቻል እስካለ ድረስ መንቀሳቀስ፣ በእግር መሄድ ይጠቅማል። ዕቃ ሲያነሱ ከወገብ ሳይሆን ከጉልበት አጥፈው፣ ዕቃውን ወደ ሰውነት አስጠግተው ያንሱ። ሩኩዕና ሱጁድ የሚያስጨንቃቸው አዛውንቶች ተቀምጦ መስገድ ለታማሚ የተፈቀደ ስለሆነ በግድ ራሳቸውን አያሠቃዩ። ብዙው ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀላል፤ ከስድስት ሳምንት ካለፈ ሐኪም ይየው።

ወደ መድኃኒት ቤት ሲመጡም የሚያምዎትን ቦታ በእጅዎ ያሳዩ፤ የሚወስዱትን የግፊትም ሆነ የስኳር መድኃኒት ካርቶኑን ይዘው ይምጡ።