ስፖርት መኪናን በግቢ ውስጥ ማደስ ገንዘብ ማባከን ነውን?

በሽንፋ ከተማ ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ ሰሞኑን አንድ ነገር ያከራክራል። ይኸውም ከሰፈራችን ወጣቶች አንዱ ሰሊጥ ሸጦ ባገኘው ገንዘብ ያረጀ ኮሮላ ዲኤክስ ገዝቶ፣ በአባቱ ግቢ ከኒም ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ፣ ወደ ስፖርት መኪናነት ለመለወጥ ሌት ተቀን የሚደክም መሆኑ ነው። ከፊሉ ሰው «ይህ ልጅ ጤና የለውም» ይላል፤ ከፊሉ ደግሞ፣ በተለይ እኩዮቹ፣ ሥራው ተፈጽሞ መኪናው ሲያጓራ ለመስማት ቸኩለዋል። እኔ በበኩሌ ከሁለቱም ወገን ጋራ ለመስማማት አልቻልሁም። ልጁ ጤና አላጣም፤ የያዘውም ሥራ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ሥራውን የጀመረው ከጅራቱ ነው፤ ይህም ዛሬ ካልታረመ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ነው።

አስቀድሜ ነቃፊዎቹን ላነጋግር። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ አንተ ተምረሃልና ይህን ልጅ ምከርልን፤ በዚህ ገንዘብ ጥንድ በሬ ገዝቶ ለከርሞ ዘር የሚሆነውንም ይይዝ ነበር» አሉኝ። «አባባ፣ የሰሊጥ ገንዘብ በመጠጥ ቤት ሲያልቅ ዐይተን ዝም ያልነው የስንቱን ነው?» ብላቸው ሣቅ አሉና፣ «እርሱስ እውነትህን ነው» አሉ። በእውነትም የሰሊጥ ገንዘብ በዚህ ቆላ እንዴት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው፣ ማታ ማታ በእጅ ባትሪ ብርሃን ካርቡራቶር የሚያጥብን ልጅ ለመንቀፍ አፉን የሚከፍት አይመስለኝም።

ሌላው የነቃፊዎች ቃል፣ «ስፖርት መኪና የሀብታም አገር ዕቃ ነው፤ በኛ ግቢ አይወለድም» የሚል ነው። ይህ ግን ታሪኩን ካለማወቅ የመጣ ነው። ዛሬ ስሙ በዓለም የገነነው ፖርሸ በስሙ የተጠራውን የመጀመሪያ ስፖርት አውቶሞቢል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1948 በኦስትርያ አገር፣ ግሙንድ በምትባል ትንሽ ቦታ ነው። ታላቁ ጦርነት ካለቀ ገና 3 ዓመቱ ነበር፤ የሥራ ቦታቸውም ቀድሞ የእንጨት መሰንጠቂያ የነበረ ቤት ነው። ሞተሩስ ከወዴት መጣ ቢባል፣ እኛ ቮልስ ከምንለው ከተራው ቮልስዋገን ነው። (ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱበት መኪናም ቮልስ ነበረ።) ይዘቱ 1131 ሲሲ የነበረውን ያንን ሞተር አሻሽለው 35 የፈረስ ጉልበት አወጡለት። ይህ ዛሬ ቢነገር ያስቃል፤ ነገር ግን መላው መኪና 585 ኪሎ ብቻ ይመዝን ስለ ነበረ ለመሮጥ በቃው።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ኮሊን ቻፕማን የተባለ ወጣት፣ ከእጮኛው ወላጆች ቤት ጀርባ በነበረ ጋራዥ ውስጥ አንድ አሮጌ ኦስቲን ሰባት ፈታትቶ እንደ ገና ሠራው፤ ሎተስ የሚባለው ፋብሪካ የተነሣው ከዚያ ነው። ይኸው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1957 ሎተስ ሰባት የተባለውን መኪና ሲያወጣ፣ ገዢው ክፍሎቹን ወስዶ በቤቱ እንዲገጣጥም አድርጎ ይሸጥለት ነበር። ምክንያቱም ተገጣጥሞ በተሸጠ መኪና ላይ መንግሥት የሚያስከፍለው የግዢ ግብር በክፍሎቹ ላይ ስላልነበረ ነው። ቀረጥ ሰውን በግቢው ውስጥ መካኒክ ያደርገዋል ማለት ነው።

የቀረጥን ነገር ካነሣን አይቀር፣ የኛም አገር ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ አውቶሞቢሎች ላይ ከዋጋቸው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። የውሳኔው ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ ውጤቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ጊዜ አገር ውስጥ የገባ አሮጌ መኪና በቀላሉ አይተካም። አውቶሞቢል በኤሌክትሪክ ይነዳል ቢባል እንኳ፣ መብራት ሄደ መጣ በሚባልበት የገጠር ከተማ የነዳጅ መኪና ገና ብዙ ዓመት ይቆያል። እንግዲህ ያለውን መኪና የሚያድስ እጅ ያስፈልገናል። ጎረቤታችን ሱዳን ቤድፎርድ የሚባሉትን የእንግሊዝ የጭነት መኪናዎች ሣጥናቸውን በራሷ ሰዎች እጅ እያሠራች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በበረሃው ላይ ያመላለሰችው በእንዲህ ያለ እጅ ነው።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። ልጁ የገዛው ዲኤክስ ኬ.ኢ.70 ከሚባለው ዐይነት ነው። ይህ የኮሮላ አራተኛ ትውልድ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ሲሆን፣ 4ኬ የሚባለው ሞተሩ 1290 ሲሲ፣ ጉልበቱም 70 ገደማ ነው። በአዲስ አበባ ወጣቶች ዘንድ ዲኤክስ ለምን እንደሚወደድ የሚጠይቅ ቢኖር፣ መልሱ የኋላ እግሩ ነው። ሞተሩ ከፊት ሆኖ የሚገፋው በኋላ ጎማው ስለ ሆነ፣ በአነዳዱ ኤ.ኢ.86 ለሚባለው ለእውነተኛው ስፖርት ኮሮላ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ከዚያኛው ክፍሎችም ብዙዎቹ ይገጥሙለታል። ስለዚህ ልጁ መኪናውን ሲመርጥ በደንብ መርጧል።

መጀመሪያ ሞተሩን አወረደ። ቴስታታውን አንሥቶ ፒስተንና ፋሻውን መረመረ፤ የተበላውን ኩሽኔታ ጎንደር ልኮ፣ ጎንደር ያጣውን በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስፈልጎ አስመጣ። (የጋራዥ ቋንቋችን አሁንም ግማሹ ጣልያንኛ ነው፤ ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ከአገራችን ሲወጣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላና ማርሚታ የሚሉትን ቃላት ጋራዥ ውስጥ ረስቶ ሄደ።) ይህን ሁሉ ያደረገ ልጅ ትዕግሥት የለውም ሊባል አይችልም። ከዚህ በኋላ ግን ነገሩ ተበላሸ። ወለሉ ላይ ያለውን ዝገት ቆርጦ አዲስ ላሜራ በማስበየድ ፈንታ ስቱኮ ለቀለቀበትና ቀይ ቀለም አስቀባው። ማርሚታውን ቆርጦ ጣለ። መኪናው ዝቅ እንዲል ብሎ የፊቱን ሞላ በመጋዝ አሳጠረ። አሁን ደግሞ ካርቡራቶሩን በሁለት ለመተካት ገንዘብ ያጠራቅማል። ፍሬኑን ግን አልነካውም!

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት እንድንቆም እለምናለሁ። አንድ መኪና በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድና በ80 ሲሄድ ልዩነቱ እጥፍ ይመስላል። ለፍሬኑ ግን እጥፍ አይደለም፤ ማቆም የሚገባው ኀይል 4 እጥፍ ነው። በ120 ሲሄድ 9 እጥፍ ይሆናል። ይህ የፊዚክስ ሕግ ነው፤ በገንዘብም በጉልበትም አይሻርም። እንግዲህ የሞተሩን ጉልበት የሚጨምር ሰው ፍሬኑን ሳያስተካክል ቢቀር፣ የሠራው ስፖርት መኪና ሳይሆን የሚያጓራ ቋጥኝ ነው። ደግሞም የዲኤክስ የኋላ ፍሬን በሸራ የሚይዘው የከበሮ ፍሬን ነው፤ አቧራ ይገባበታል፤ የሽንፋን አቧራ ደግሞ የማያውቅ የለም። የፍሬን ዘይትም ከአየር እርጥበት እየጠጣ ይኖራል። እርጥበት የጠጣ ዘይት በሙቀት ጊዜ ይፈላል፤ ሲፈላ አየር ይፈጥራል፤ ነጂው ቢረግጥ እግሩ እስከ ወለሉ ይወርድለታል እንጂ መኪናው አይቆምለትም። ይህን ዘይት መለወጥና አየሩን ማስወጣት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ዋጋውም ከቀዩ ቀለም ጋራ የሚወዳደር አይደለም።

መንገዳችንስ? በመከር ጊዜ ሳሉጎች ከደገኛው አገር መጥተው ማታ ማታ በመንገድ ዳር ይጓዛሉ፤ ከብት ይሻገራል፤ መብራት የሌለው ባጃጅ ይመጣል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ የሚከበር ነጂ በፍጥነት የሚሄደው ሳይሆን በፍጥነት የሚቆመው ነው። ሞላ መቁረጡም ቢሆን ለአስፋልት ከተማ የተፈጠረ ጌጥ ነው። ክረምት ሲገባና ጥቁሩ መሬት ጭቃ ሲሆን፣ በጋ ሲሆን ደግሞ ጭቃው ደርቆ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር፣ መካኒኮች ኮፓ የሚሉት የሞተር ዘይት መያዣ መሬቱን ይመታል፤ ኮፓው ከተቀደደ ያ ሁሉ የተደከመበት ሞተር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል።

ሙቀቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር የሞተርን ጉልበት ከመጨመር በፊት ራዲያተሩን ማሳጠብ፣ ክዳኑ ግፊት የሚይዝ መሆኑን መመርመር፣ የቬንቲላተሩን ቺንጊያ መለወጥ ይቀድማል። በዚህ በኛ አካባቢ «ቴርሞስታት ለቆላ አያስፈልግም» እያሉ አውጥቶ መጣል የተለመደ ሆኗል። ይህ የተደፈነ ራዲያተርን በሽታ አያድንም፤ ሞተሩ ጧት በደንብ ሳይሞቅ እንዲሠራና ቶሎ እንዲበላ ያደርገዋል እንጂ። በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ በመንገድ ዳር ስለሚሸጠው ቤንዚን ብዙ መናገር አያሻም፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት እንደ ሆነ፣ ጉልበቱ የተጨመረለት ሞተር ከተራው ይልቅ ቶሎ ይንኳኳል፤ መንኳኳቱም ፒስተን ይበሳል።

ስለ ጎማ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በጎማ ጎን ላይ አራት አኃዝ ያለው ጽሑፍ አለ። ለምሳሌ 2319 የሚል ቢሆን፣ ጎማው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማ ሁሉ ደኅና አይደለም፤ በፀሐይ የደረቀ ጎማ ሲሮጥ ይፈነዳል። ይህን ለማንበብ የሚከፈል ዋጋ የለም።

አሮጌ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሌላ ወጣት ካለ ደግሞ፣ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ እንደ ሆነ ማን እንዳዛወረውና እንዴት እንደ ተበየደ አጥብቆ ይጠይቅ። (በነገራችን ላይ አገራችን በቀኝ መንዳት የጀመረችው በ1956 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሱዳን የጀመረችው በ1965 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት 9 ዓመታት ከመተማ ወደ ገላባት የሚሻገር ነጂ ወሰኑን ሲያልፍ የመንገዱንም ጎን ይለውጥ ነበር።) ሞተር የሚለውጥም ሰው የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የተጻፈ መሆኑን አይርሳ። ቁጥሩ ካልተስማማ ለቦሎ ምርመራ በቀረበ ጊዜ ችግር ይገጥመዋል፤ ሌባ ተብሎ የሚጠረጠርበትም ቀን ይመጣል።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነግሬዋለሁ። አልተቆጣም፤ «ወንድሜ፣ ፍሬኑን የምፈታው በምን ላይ አቁሜ ነው?» አለኝ። ጥያቄው እውነተኛ ነው። ያለው አንድ ክሪክ ብቻ ነው፤ በክሪክ ብቻ ተነሥቶ በቆመ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ነፍሱን በአንድ የዘይት ጎማ ላይ አሳድሯል። የፍሬን ከበሮ የሚያርም መሣሪያ በከተማችን የለም። ሥራውን የሚያይለት፣ «ይህ ተበይዷል፤ ይህ ግን አልተበየደም» የሚለው የተማረ ሰውም በአጠገቡ የለም። ልጁ ከጅራቱ የጀመረው ጅራቱ ላይ ያለው ሥራ በቀለምና በመጋዝ የሚሠራ ስለ ሆነ ጭምር ነው።

ስለዚህ በምዕራብ ጎንደር ዞን የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ለሚመሩት ሹማምንት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የመንግሥት ማሠልጠኛዎች የመኪና ክፍላቸው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና እሑድ ይዘጋል። ያ ጊዜ መኪናቸውን ራሳቸው ለሚያድሱ ወጣቶች ይከፈት። የራሱን መኪና ያመጣ ሁሉ መጀመሪያ ፍሬኑን፣ መሪውንና ጎማውን በመምህሩ ፊት ፈትቶ ያሳይ፤ እነዚህን ሳያልፍ ካርቡራቶር እንዳይነካ ይከልከል። ያለፈውም የሠራው ሥራ በጽሑፍ ይሰጠው፤ የቦሎ መርማሪውም ያንን ጽሑፍ ይመልከትለት። ወጪው የአንድ መምህር የትርፍ ሰዓት አበልና የአንድ ዘበኛ ደመወዝ ነው።