ርእሰ አንቀጽ፤ ስድስቱ የቡለር ተራራ እንግዶች

አንድ የእንስሳ ወገን ቁጥሩ እያነሰ ሄዶ ሊጠፋ ሲቃረብ፣ ከሌላ ስፍራ ከመጣ ወገኑ ጋር ማዳቀል ይገባልን ወይስ ዘሩ ሳይነካ እንዳለ መተው? ይህ ጥያቄ በባዮሎጂ ክፍል ሰሌዳ ላይ ተጽፎ የሚደመሰስ ብቻ አለመሆኑን በአውስትራልያ የተሠራው ሥራ ስለሚያስረዳን፣ ለዛሬው ርእሳችን እርሱን መርጠናል። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በአውስትራልያ ደቡብ ምሥራቅ፣ በረዶ በሚጥልባቸው ተራሮች ላይ፣ በድንጋይ ክምር ውስጥ የምትኖር የተራራ ድንክ ፖሰም የምትባል ትንሽ እንስሳ አለች። ክብደቷ 45 ግራም ያህል ነው። እንደ ካንጋሮ ሁሉ ልጆቿን በሆዷ ከረጢት ታሳድጋለች፤ ጡቶቿ አራት ብቻ ስለሆኑም በአንድ ጊዜ ከአራት ልጅ በላይ አታሳድግም። ክረምቱን በበረዶ ሥር ተኝታ ታሳልፋለች፤ እንቅልፏም እስከ ሰባት ወር ሊደርስ ይችላል (በፈተና ሰሞን የሚቀናባት ተማሪ አይታጣም)። ሊቃውንት በመጀመሪያ ያወቋት በዋሻ ከተገኘ አጥንቷ ስለ ነበር ከብዙ ዘመን በፊት የጠፋች መስሏቸው ኖረው፣ በ1966 በሆታም ተራራ ላይ በአንድ የበረዶ ተንሸራታቾች ማረፊያ ቤት ውስጥ በሕይወቷ ተገኘች።

በቡለር ተራራ ያሉት ደግሞ የታወቁት በ1996 ነው። ያን ጊዜ ቁጥራቸው 300 ያህል ይገመት ነበር። ነገር ግን ተራራው የበረዶ መንሸራተቻ ስፍራ እንደ መሆኑ መጠን፣ ለመንሸራተቻው ሲባል መኖሪያቸው ተመነጠረ፤ ከውጭ የገቡ ቀበሮዎችና ድመቶችም በሉአቸው። አሥር ዓመት ያህል ሳይሞላ የቀሩት ጥቂት አሥሮች ብቻ ሆኑ። ከዚህ ይልቅ ያስደነገጠው ግን ከጆሯቸው ጥቂት ሥጋ ተቆርጦ ዘራቸው በተመረመረ ጊዜ የታየው ነገር ነበር፤ የዘራቸው ልዩ ልዩነት አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠፍቶ ተገኘ።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። በአገራችን ሊጋቡ የታሰቡትን ሰዎች ሽማግሌዎች ዝምድናቸውን እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥራሉ። የዘር ውርስ ትምህርት ወይም ጄኔቲክስ የሚለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እያንዳንዱ ፍጥረት ከወላጆቹ የወረሰው የተሰወረ ጉድለት አለበት፤ ባዕድና ባዕድ ሲገናኙ የአንዱ ጉድለት በሌላው ጤነኛ ጂን ይሸፈናል፤ ዘመዳሞች ሲገናኙ ግን አንድ ዓይነት ጉድለት ከሁለቱም ወገን መጥቶ በልጁ ላይ ይገለጣል። እነዚያ የቡለር ፖሰሞች ሰባት ቤት ይቁጠሩ ቢባል እንኳ ሁሉም የአጎትና የአክስት ልጆች ስለሆኑ የሚያገቡት ባልተገኘ ነበር።

እንግዲህ የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩበት ቡድን በ2011 ስድስት ወንዶች ከሆታም ተራራ አምጥቶ በቡለር ለቀቀ። ሁለቱ ወገኖች በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ተለያይተው የኖሩ ስለሆነ፣ «እያንዳንዱ ለተራራው የተስማማውን ጠባይ በመቀላቀል ያጣል» የሚለው ፍርሃት በሊቃውንት ዘንድ የቆየ ነው። ፍርሃቱ ከንቱ ነው አንልም። ይሁን እንጂ በ2017 የወጣው የምርምር ውጤት እንዳስረዳው፣ ዲቃሎቹ በአካል ገዘፉ፤ ሴቶቹም ብዙ ልጆች ወለዱ፣ ዕድሜአቸውም ረዘመ። የተራራውም ፖሰሞች ቁጥር ከዚያ በፊት ተቆጥሮ ከሚታወቀው ሁሉ በላይ ሆነ።

ክብሩን ሁሉ ለጄኔቲክስ መስጠት ግን ትክክል አይደለም። በዚያው ዘመን አራዊቱን የመከላከልና መኖሪያቸውን መልሶ የማበጀት ሥራ ተሠርቷል፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ስድስቱ እንግዶች የቀበሮ ራት ሆነው በቀሩ ነበር። ከዚህም በላይ እነዚህ እንስሶች በጸደይ የሚመገቡት ቦጎንግ የተባለ የእሳት እራት ከሩቅ ሜዳ በሚሊዮን እየሆነ ወደ ተራሮቹ የሚጎርፈው፣ ከ2017 ወዲህ ባሉት የድርቅ ዓመታት እጅግ ቀነሰ፤ በረሃብ ምክንያትም በከረጢታቸው ያሉ ልጆች የሞቱባቸው እናቶች ተገኙ። የተራበን እንስሳ ጂኑ ብቻውን አያጠግበውም።

እኛን የሚያሳስበን የፖሰሟ ነገር ብቻ አይደለም። የእኛው ቀይ ቀበሮ በባሌ፣ በአርሲ፣ በስሜንና በወሎ ደጋዎች ላይ እየተነጣጠለ የሚኖር፣ ጠቅላላ ቁጥሩም ከ500 ብዙ የማይርቅ ፍጥረት ነው። በመካከሉ ያለው ምድር ስለ ታረሰ አንዱ ተራራ ከሌላው ጋር አይገናኝም። በ1994 የታተመ ምርምር ዘሩ የልዩ ልዩነት እጥረት እንዳለበትና በባሌ ከቤት ውሻ ጋር እንደ ተዳቀለ አስታውቋል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ነገሩ ከቡለር ይልቅ የተወሳሰበ ነው፤ አንዱ መቀላቀል ሊያድነው የሚችል ሲሆን ሌላው መቀላቀል ሊያጠፋው ይችላል፤ ውሻውም ከዘሩ ሌላ የእብደት በሽታ ያመጣበታል። የትኛው ተራራ ከየትኛው ቀበሮ ይቀበል፣ ስንትስ ይበቃል፣ በሽታ ይዞ ቢሄድስ የሚሉት ጥያቄዎች በዘር ምርመራ ሳይመዘኑ በግምት ሊመለሱ አይገባም። ምርመራ አላለቀም እየተባለ የመጨረሻዎቹ አሥሮች እስኪቀሩ መጠበቅም፣ በእኛ አስተያየት፣ ከድፍረቱ የከፋ ጥፋት ነው።

ታዲያ የጄኔቲክስ ትምህርት በሜንዴል አተርና በፍራፍሬ ዝንብ ተጀምሮ በዚያው እንዳይፈጸም መምህራኖቻችንን በአክብሮት እንጠይቃለን። የባሌና የስሜን ቀበሮ በፈተናው ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ ሆኖ ቢቀርብ እንኳ መልካም ጅምር ነው። ሐሳባችንን የሚቃወም መምህር ወይም ተማሪ ካለ ጽፎ ለአዘጋጁ ይስጥ፤ ሳናሳጥር እናወጣለታለን።